ለእማዬ ለደረሳችሁላት ሁሉ፣ ከዘንዶው ቀን ጀምሮ

ሰላም ለሁላችሁም። እፉኝት የነደፋት እማዬ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። እጇ ላይ ያለው እብጠት ጨርሶ አልጠፋም ግን ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ ትበላለች፣ እኛንም መቆጣት ጀምራለች፣ ስለዚህ ደህና ናት። የሚደውለው ሰው በዝቶ ለሁሉም ማንሳት ስላቃተን ነው በአንድ ላይ ላመሰግናችሁ ብዬ የምጽፈው። ስም አልጠራም፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብዘል ቅያሜ ነው የሚመጣው፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከሱ በፊት ዶሮ ቤታችን ከገባው ዘንዶ ልጀምር፣ ቪዲዮውን ያላየ የለም መቼም። ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ወጥተን ባትሪ ስናበራ አንዷን ውጦ ሆዱ ተነፍቶ በገባበት ቀዳዳ መውጣት አቅቶት ጥግ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል፣ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ድንጋዩም ገጀራውም ወዲያው ነው የመጣው፣ አልፈርድም፣ ማን አይደነግጥም። ግን ጎረቤታችን ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «ሆዱን አታዩም እንዴ፣ የት ሊሄድ ነው፣ ራቅ በሉና እባብ የሚይዙት ልጆች እስኪመጡ ጠብቁት» ባይሉ ኖሮ ያን ጠባብ በር ተጋፍቶ የሚገባው ልጅ ይነከስ ነበር። ዘንዶ መርዝ የለውም፣ ጠምጥሞ ነው የሚገድለው፣ ጥርሱ ግን ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ አንዴ ከያዘህ በኋላ እጅህን ስትጎትት የምትቀደው ራስህን ነው። ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ህጻናቱን ሁሉ ድመቷንም ጨምራ ሰብስባ ቤት ቆልፋ የያዘችው እህታችንም እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ያንን ጩኸት ሁሉ ችለሽ።

እባብ የሚይዙት ሁለቱ ልጆች ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ በዛ ሌሊት ተደውሎላቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው የመጡት። አንዱ የዘንዶውን ጭንቅላት በመንጠቆ ተቆጣጥሮ ከአንገቱ ሲይዝ ሌላው ሰውነቱን እየዘረጋ ያዘ፣ ይሄን የሚያክል ዘንዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነካም ብለውናል፣ ክንድ ላይ ከተጠመጠመ የሚፈታው ሌላ ሰው ያስፈልጋላ። ከረጢት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የዋጣትን ዶሮ መልሶ ተፋት፣ ሲጨነቅ ለመሸሽ እንዲቀለው ያደርገዋል አሉ፣ ሽታውን ግን አልነግራችሁም። ከንፈሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉድጓዶችም አሳዩን፣ የሞቀ ነገር የሚለየው በነሱ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ዶሮዋን ለማግኘት መብራት አላስፈለገውም ማለት ነው።

እነሱ ሲሄዱ የመከሩንን እዚህ ልድገመው ምክንያቱም ከዛ ቀን ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እባብ ሰው ፈልጎ አይመጣም፣ አይጥ ፈልጎ ነው፣ አይጥ ደግሞ የፈሰሰ እህልና የተከመረ ነገር ፈልጋ ነው፣ ስለዚህ ስራው ያለው እዛ ጋ ነው። ሳሩን ማሳጠር፣ የበር ስር ክፍተትና የግድግዳ ቀዳዳ መድፈን፣ የዶሮ ቤት ሽቦን አይኑ የጠበበውን መርጦ መስራት፣ ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አለመውጣት። ድኝና ነጭ ሽንኩርት በትኑ የምትሉኝ ወዳጆቼ እወዳችኋለሁ ግን እባብን አይመልሰውም።

አሁን ወደ እማዬ። ለሳምንታት ያወራነው ስለ ዘንዶው ነው፣ ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ እማዬን የነደፋት ግን ከክንድ የማትረዝም እፉኝት ናት፣ ከእንጨት ክምሩ ስር ተኝታ። እፉኝት ስትጠጋት አትሸሽም፣ መልኳ ከአፈሩ ስለማይለይ ዝም ብላ ነው የምትተኛው፣ ለዛ ነው ሰው እጁን ወይ እግሩን አጠገቧ የሚያሳርፈው። እማዬ ከጮኸች በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ሳስብ አሁንም ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ገመድ ይዞ መጣ፣ አንዱ ምላጭ፣ አንዱ ደግሞ መርዝ ይመጥጣል ስለሚባለው ጥቁር ድንጋይ ያወራል።

እዚህ ላይ ነው ለመድሃኒት ቤቱ ልጅ የማመሰግንበት ቃል ያጣሁት። ገመዱን ከእጃቸው ወስዶ «አይታሰርም፣ አይበጣም፣ አይመጠጥም» ብሎ በሰው ሁሉ ላይ ጮኸ፣ ትልልቅ ሰዎችም ተቆጥተውት ነበር ግን አልተበገረም። በኋላ ሀኪሙ እንደነገረን የእፉኝት መርዝ ስጋውን ራሱ የሚጎዳ ስለሆነ አጥብቀህ ስታስረው መርዙን አንድ ቦታ ሰብስበህ ደሙንም ከልክለህ እጁን ትገድለዋለህ። እትዬም በሳሙና ቀለበቷን ወዲያው ያወለቁላት እርሶ ነዎት፣ ትንሽ ቢቆይ እኮ በመቁረጫ ካልሆነ አይወጣም ነበር፣ ጣቶቿ እንዴት እንዳበጡ አይታችኋል። አናጢው ወንድማችን ጣውላ ስር አድርገህ በሻርፕ ላላ አድርገህ ደግፈህ እንዳትንቀሳቀስ ያደረግክላት፣ ሀኪሞቹ ማን ነው የሰራው ብለው ጠይቀውናል። እባቧን ከሩቅ ዙም አድርጎ ፎቶ ያነሳው ልጅም ጎበዝ ነህ፣ ገድለን ይዘን እንሂድ ለሚሉት ደግሞ የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት ራሱ ሊነድፍ እንደሚችል የነገራችኋቸው ሰዎች ተባረኩ፣ ሁለተኛ በሽተኛ ተሸክመን እንሄድ ነበር።

መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ የመርዝ ማርከሻው አልነበረም። ሾፌራችን ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ነው የመለሰን፣ የመድሃኒት ቤቱ ልጅም መንገድ ላይ እየደወለ የት እንዳለ አጣርቶ ስንደርስ አዘጋጅተው እንዲጠብቁን አደረገ፣ ይሄ ስልክ ነው እጇን ያተረፈው ብዬ ነው የማምነው።

የድንገተኛ ክፍል ሰዎች፣ በተለይ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ አንቺን በምን ልክፈልሽ። እብጠቱ የደረሰበትን በእስክሪብቶ እያሰመርሽ ሰዓቱን ቆዳዋ ላይ እየጻፍሽ፣ መስመሩ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እኛ ስንሞት አንቺ ረጋ ብለሽ። ደሟን በብርጭቆ ቱቦ ቀድተሽ 20 ደቂቃ አስቀምጠሽ ዘንበል ስታደርጊው እንደ ውሃ ሲፈስ እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፣ መርጋት ነበረበት፣ ካልረጋ መርዙ ደሟን ነክቶታል ማለት ነው ብለሽ አስረዳሽኝ። ማርከሻው ራሱ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አድሬናሊኑን አጠገብሽ አድርገሽ አይንሽን ከሷ ላይ ሳትነቅይ ቆየሽ። በማግስቱ ያው ምርመራ ተደግሞ ደሟ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ሳይ ኮሪደሩ ላይ ነው ያለቀስኩት፣ ያየኝ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ሀኪሙ ሲያወራን የአለም ጤና ድርጅት እኮ የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ነው ያስገባው አለን፣ በአመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞትበታል ተብሎ ይገመታል፣ እጅ እግሩን የሚያጣውና አካሉ የሚጎዳው ደግሞ የዛ ሶስት እጥፍ ገደማ። ይሄን ያህል ሰው የሚጨርስ ነገር መድሃኒቱ በየቦታው ቢኖር ምን አለበት፣ እኔ በበኩሌ ተናድጃለሁ፣ በዘንዶ ቪዲዮ ላይ የምናጠፋውን ጊዜ ያህል በቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ማርከሻ አለው ወይ ብለን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

ሆስፒታል ተራ ገብታችሁ ያደራችሁ፣ ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ እንጨቱን ከግድግዳው አርቃችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ የደረደራችሁልን (ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በዱላ እየነካካችሁ፣ አይቻለሁ)፣ በየእምነታችሁ የጸለያችሁ ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን። ቤቱ ላይ እርግማን ነው ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁም ሰላም ሁኑ፣ አይጦቹን እያጠፋን ነው።

እማዬ ገና ስለሚደክማት ሊጠይቋት የሚመጡ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። በዛች ቀን ግርግር ውስጥ አንድ ጥቁር የእጅ ባትሪና የግራ እግር ቦት ጫማ እኛ ቤት ቀርቷል፣ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።