በወቅቱ ሳይላክ ስለቀረው የወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ ማመልከቻዬ የቀረበ ቅሬታ

ጁን 18 ቀን 2025

ለቪዛ ማማከርና ማስፈጸም ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የቪዛ ማመልከቻዬ የዕድሜ ገደቡ እስኪያልፍ ሳይላክ በመቅረቱ ቅሬታ ማቅረብንና የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ መጠየቅን ይመለከታል

እኔ የጀርመን ፓስፖርት የያዝኩ አመልካች ስሆን፣ በአውስትራሊያ አንድ ዓመት እየሠራሁ አገሩን ለመጎብኘት የሚያስችለኝን፣ በንዑስ ክፍል ቁጥሩ 417 ተብሎ የሚታወቀውን የወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ እንድታስፈጽሙልኝ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ከድርጅታችሁ ጋር ውል ፈርሜ፣ 420 ዩሮ የአገልግሎት ክፍያ በዚያው ዕለት ከፍያለሁ። ማመልከቻውን አመልካቹ ራሱ በኢንተርኔት ሞልቶ መላክ እንደሚችል አውቅ ነበር። ወደ እናንተ የመጣሁት ጉዳዩን በአማርኛ የሚያስረዳና ቅጹን ሳይሳሳት የሚሞላ ባለሙያ አላችሁ ስለተባልኩ፣ ዕድሜዬም ወደ ገደቡ ተጠግቶ ስለነበር የማባክነው ጊዜ እንደሌለኝ ስለማውቅ ነው።

ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ነግሬያችኋለሁ። በሞላሁት ቅጽ ላይ የትውልድ ቀኔ ሜይ 11 መሆኑ ተጽፏል፤ ከጎኑም በእጄ «31 ዓመት ይሞላኛል፣ ከዚያ በፊት ይላክ» የሚል ማስታወሻ ጨምሬበታለሁ፤ ቅጂው በእጄ ይገኛል። ለጀርመን ፓስፖርት ባለቤት ይህ ቪዛ የሚፈቀደው ከ18 እስከ 30 ዓመት ላለ ሰው ነው፤ ይኸውም 30 ዓመት ሞልቶት 31 ያልደፈነ ሰው ማመልከት ይችላል ማለት ነው። ዕድሜው የሚለካው ማመልከቻው በተላከበት ቀን እንጂ ቪዛው በሚሰጥበት ወይም ተጓዡ በሚበርበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻዬ ሜይ 10 እንኳ ቢላክ ኖሮ ውሳኔው ከዚያ በኋላ በመጣ ጊዜ ዕድሜዬ እንቅፋት አይሆንብኝም ነበር። ከእናንተ የፈለግሁት ይህን አንድ ቀን እንዳታሳልፉብኝ ብቻ ነበር።

የፓስፖርቴን ቅጂና ለመነሻ ወጪ የሚፈለገው 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ገንዘብ እንዳለኝ የሚያሳየውን የባንክ መግለጫ ማርች 3 ቀን አስረክቤያለሁ። ሆኖም ጉዳዬን የያዘችው ሠራተኛችሁ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ተተርጉሞ እንዲቀርብና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ወስጄ ውጤቱን እንዳመጣ አዘዘችኝ። የፈተና ቀን እስካገኝ፣ ውጤቱም እስኪደርሰኝ ድረስ ከስድስት ሳምንት በላይ ፈጀ። በኋላ እንደተረዳሁት የትምህርት ደረጃና የእንግሊዝኛ ችሎታ መስፈርት ያለው 462 በሚባለው ንዑስ ክፍል ነው፤ ይህም ጀርመን የሌለችበት፣ ለሌሎች አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ለ417 እነዚህ ሁለት ሰነዶች አያስፈልጉም። ውል ስንፈርም 417 ብላችሁ የጻፋችሁት ራሳችሁ ሆናችሁ ሳለ፣ የሰነድ ዝርዝሩን ከ462 ወስዳችሁ ስድስት ሳምንት ማባከናችሁን እስካሁን ልረዳው አልቻልኩም።

ኤፕሪል 28 ቀን «እህታችን አይዞሽ፣ ፋይልሽ ገብቷል» የሚል መልእክት ከአንድ የማመልከቻ ቁጥር ጋር ደረሰኝ። ቁጥሩን ሳይ ማመልከቻው ተልኳል ብዬ አመንኩ፤ በማግስቱም ለአሠሪዬ ሥራ እንደምለቅ በደብዳቤ አሳወቅሁ። ሜይ 20 ቀን ሂደቱን ለማየት የይለፍ ቃሉን ጠይቄ ስገባ ግን፣ ከዚያው ቁጥር ጎን «ያልተጠናቀቀ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ቁጥሩ የሚሰጠው ቅጹ ተጀምሮ ሲቀመጥ ነው፤ ማመልከቻ ቀረበ የሚባለው ግን የመንግሥት ክፍያው ተከፍሎ ሲላክ ብቻ ነው። የክፍያው ገጽ አልተነካም፤ የጤና ጥያቄዎቹም ባዷቸውን ነበሩ። የክፍያ ደረሰኝ በጊዜው አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን «ገብቷል» ያለኝ ድርጅት ባይገባ እንኳ አልገባም የማለት ግዴታ ነበረበት።

ይህን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ከጥፋቱ ይበልጥ አሳዝኖኛል። ሠራተኛችሁ «ገደቡ 35 ዓመት ስለሆነ አምስት ዓመት ገና አለሽ፤ ለምን ትቸኩያለሽ?» አለችኝ። ለ417 ቪዛ እስከ 35 ዓመት የተፈቀደው እንደ ካናዳ፣ ፈረንሳይና አየርላንድ ላሉ የተወሰኑ አገሮች ፓስፖርት ባለቤቶች ሲሆን፣ ጀርመን ከእነዚህ ውስጥ የለችም። ካናዳ በበኩሏ ለጀርመን ፓስፖርት ባለቤቶች እስከ 35 ዓመት ትፈቅዳለች፤ እዚያም አመልካቾች ስማቸውን አስመዝግበው ግብዣ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ እንጂ በፈለጉት ቀን አያመለክቱም። እኔ ግን ውል የገባሁት ስለ አውስትራሊያ ነው።

ከዚያም መፍትሔ ተብሎ የቀረበልኝ፣ ለጉብኝት በሚሰጠው ኢቪዚተር በሚባለው ፈቃድ ገብቼ «እዚያ ሥራ እንድፈልግ» ነበር፤ ለዚህም ተጨማሪ 150 ዩሮ ተጠየቅሁ። በዚህ ፈቃድ በአንድ ጉዞ መቆየት የሚቻለው እስከ ሦስት ወር ሲሆን፣ ሥራ መሥራት አይፈቀድም። ፈቃዱን ለማመልከትም ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ፈቃዱን ጥሼ ብገኝ የሚሰረዝብኝ እኔ እንጂ እናንተ እንዳልሆናችሁ ስለማውቅ ሐሳቡን አልተቀበልኩም፤ ለሌላ ደንበኛም እንዲህ ያለ ምክር እንዳይሰጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ የከፈልኩት 420 ዩሮ እንዲሁም ለማያስፈልገው የቋንቋ ፈተናና ለዲግሪው ትርጉም ያወጣሁት ገንዘብ፣ ደረሰኞቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ስላቀረብኩ፣ በ14 ቀናት ውስጥ ወደ ባንክ ሂሳቤ እንዲመለስልኝ፣ ማመልከቻው ከኤፕሪል 28 እስከ ሜይ 10 ባሉት ቀናት ለምን እንዳልተላከ የሚገልጽ ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ በእጃችሁ ያሉት የፓስፖርቴ፣ የባንክ መግለጫዬና የዲግሪዬ ቅጂዎች ተሰርዘው መሰረዛቸው እንዲረጋገጥልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ዕድሜዬን መመለስ እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ የምጠይቀው መመለስ የሚቻለውን ነው። በተጠቀሰው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ ውሉን፣ የመልእክት ልውውጦቹንና «ያልተጠናቀቀ» የሚለውን ገጽ ምስል ይዤ ለሸማቾች መብት ጥበቃ አካል አቤቱታ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አመልካች (ስምና ፊርማ በውሉ ላይ እንደተመለከተው)