የአባባ ድምፅ ተገኝቷል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ተጠፋፍተን ከረምን፤ አንተም የባሕር ዳር ሰው ሆነህ ቀረህ፣ እኔንም ኑሮ ወዲያ ወዲህ ሲያላጋኝ ባጀ። ዛሬ ግን ይህን ሳልነግርህ ማደር አልቻልኩም። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ባቡሩ ሥራቸው ያወሩን፣ እኔና አንተ በቴፕ ቀድተን በኮምፒውተር የጻፍነው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ተገኝቷል።

ከካዛንቺስ ለቅቀን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ ከቃሊቲ አልፎ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ። ነፋሱ ይበረታል፣ ጎረቤቱ ግን መልካም ነው። ስንገባ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ፣ ከዚያም ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ተገለበጠ። የቤተሰቡ ፎቶ አለ፣ የእድሩ ሒሳብ አለ። የአባባ ፎልደር የለም። «አዋሽ» ብዬ ፈለግሁ፣ «ለገሃር» ብዬ ፈለግሁ፤ ባዶ። የዚያን ቀን ምሳም አልበላሁ።

ደግነቱ አሮጌው ሳጥን አልተሸጠም፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ነበር። ታች ፎቅ ያለው የጎረቤታችን ልጅ ኮምፒውተር ይጠግናል። ገና ሳልጨርስለት «ጋሼ፣ ይኼ ዲስክ ላይ ከእንግዲህ ምንም አይጫን፣ ምንም አይገልበጥ» አለኝ። ሀርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ወዲያው የሚጠፋው አድራሻው እንጂ ራሱ ፋይሉ አይደለም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ብዙ ሰው ደንግጦ የማዳኛ ፕሮግራሙን እዚያው ዲስክ ላይ ሲጭን ነው ነገሩን የሚያበላሸው።

ቀጥሎ የሠራው ሥራ ግሩም ነበር። ዲስኩ ላይ የተያዘውን ቦታ አየ፤ ከዚያ የሚታዩትን ፎልደሮች ሁሉ መርጦ መጠናቸውን አስደመረ። አልገጠመም፤ የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው። ያ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ ይዛመት የነበረውን የሾርትከት ቫይረስ ታስታውሳለህ? እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ ሾርትከት፣ ማለትም ፎልደሩን የሚመስል ባዶ ምልክት፣ ያስቀምጣል። የኛም እንደዚያ ተደብቆ ኖሯል፤ ሲገለበጥ የታየው ብቻ ስለተመረጠ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ልጁ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ መደበቂያውን አነሳለት። ፎልደሩ ብቅ ሲል ባለቤቴ እልል አለች።

ሰነዱን ስንከፍተው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነ። ይህን የምነግርህ አንተም ዘንድ ያሉት የዚያን ዘመን ጽሑፎች እንደዚሁ ስለሚሆኑ ነው፤ ተበላሽተዋል ብለህ እንዳትጥላቸው። የጻፍነው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት የተሠራባቸው፣ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ላፕቶፑ ላይ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። ፎልደሩ ባይደበቅም ኖሮ «አዋሽ» ብዬ የፈለግሁት አይገኝም ነበር፤ ውስጡ የተጻፈው ለኮምፒውተሩ «አዋሽ» አይደለምና። አሮጌውን ፎንት ጫንነው፣ ገጹም ተከፈተ፤ አባባ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱን ከአባታቸው ሰምተው የነገሩን ያ የመጀመሪያው ገጽ። አሁን ወደ ዩኒኮድ እየመለስኩት ነው።

ድምፁ ግን ፎልደሩ ውስጥ አልነበረም፤ ተሰርዟል። እዚህ ላይ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው የደረሰልን። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ድምፅም ሰነድም ያወጣል፤ የያንዳንዱን ዓይነት ፋይል አጀማመር እየለየ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል፣ ያገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። መብራት እንዳይሄድ እየተሳቀቅን አደርን። ስማቸው ስለማይመለስ ፋይሎቹ በቁጥር ብቻ ተደርድረው ወጡ። አንድ በአንድ ማድመጥ ነበረብኝ፦ መዝሙር፣ የልጆች ዘፈን፣ የስልክ ጥሪ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ቴፑ ይሠራል?» የሚል ድምፅ መጣ። ከኋላ እናትህ ቡና ይወቅጣሉ፤ የሙቀጫው ምት ጥርት ብሎ ይሰማል። አባባ ደግሞ «አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ…» እያሉ ጣቢያዎቹን ይጠራሉ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

አሮጌው ዲስክ የሚሽከረከረው ዓይነት መሆኑ በጀን። እንደ አዲሱ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዓይነት፣ ቢሆን፣ የተሰረዘውን ራሱ ስለሚያጸዳው፣ የመገኘቱ ተስፋ እጅግ የመነመነ ነበር።

አንዱ ቅጂ ግን መተሐራን አልፎ አዋሽ ሳይደርስ ይቆረጣል፤ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ካሴቱ እህትህ ዘንድ ካለ፣ እባክህ ማንም ቴፕ ውስጥ እንዳይከተው፤ ያረጀ ክር ሊበጠስ ይችላል። በሰው እጅ ላክልኝና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስጄ አስቀዳዋለሁ። የተገኘውን ሁሉ በፍላሽ እልክልሃለሁ፤ አንድ ቅጂ አንተ ዘንድ፣ አንድ እኔ ዘንድ በኤክስተርናል፣ አንድ ደግሞ ጎግል ድራይቭ ላይ ይቀመጥ። ስትቀበል ብዛቱንና መጠኑን ከኔ ጋር አመሳክር፤ ጥቂቱንም ከፍተህ አድምጥ።

ስልክ ቁጥርህ ያው ከሆነ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወንድምህ
ከቱሉ ዲምቱ