«ያዞረኛል» ላለ ሁሉ አንድ ዓይነት ፍሬ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የጤና ዓምዳችሁ ስለ ደም ግፊት ባወጣው ጽሑፍ መካከል «ማዞር ከተሰማዎ ግፊትዎ ከፍ ብሏል ማለት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። በማተሚያ ቤት 33 ዓመት በአራሚነት የሠራ ሰው ስሕተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ አሰመርኩበት። የፊደል ግድፈት ቢሆን ኖሮ ከሰፈሬ ጋዜጣ አዟሪ ጋር ሥቀንበት እናልፍ ነበር። ይህኛው ግን ሰው የሚጥል ግድፈት ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ያለ ምንም ምልክት የሚቀመጥ በሽታ ስለሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ሲል ካዞረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ወርዶበት እንጂ ወጥቶበት አይደለም። ዓረፍተ ነገራችሁን ያመነ አዛውንት አንድ ፍሬ ጨምሮ ይውጥና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወርድ ይወድቃል።

እንዲህ የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሌሊት በቀኝ ጎኗ ስትገላበጥ ጮኸች። ስደርስ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። «ቤቱ ተገለበጠ፣ ያዘኝ» አለችኝ። ደቂቃ ሳይሞላ አለፈላት። በማግሥቱ ልብስ ልታሰጣ ቀና ስትል ተመልሶ መጣባት። እሑድ ደግሞ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ቆማ ወደ ጉልላቱ ቀና ስትል አጥሩን ይዛ ነው የተረፈች። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ አሸላት። አንዷ ደም ማነስ ነው አለች። ሌላዋ የራሷን የግፊት መድኃኒት ይዛ መጥታ ልታውጣት ስትል ደርሼ ተቀበልኳት።

ከዚያ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሄደን አንድ መድኃኒት ቤት ገባን። እናቴ «ያዞረኛል የኔ ልጅ» ከማለቷ ባለሙያዋ ዘወር ብላ ሲናሪዚን የተባለውን የማዞር መድኃኒት ከመደርደሪያው አወረደች። ምንድን ነው የሚዞርብዎት፣ መቼ ነው፣ ለስንት ደቂቃ፣ ሌላስ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ የሚል ጥያቄ አልነበረም። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ነበርና በልጅቷ ብቻ አልፈርድም። በትንሽ የወረቀት ፖስታ ላይ «በቀን 3 ጊዜ 1» ብላ ጽፋ ሰጠችን። እስከ መቼ እንደሚወሰድ አልጻፈችም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ እናቴ ዘንድ «እስከ ዕድሜ ልክ» ማለት ነው። ፍሬው ሲያልቅ እኔና የእህቴ ልጅ በየተራ ያችኑ ባዶ ፖስታ እያሳየን እናስሞላ ነበር። ማዘዣ ያለን ያህል ስምንት ወር እንዲሁ ተመላለስን።

በስምንተኛው ወር አንድ እሑድ ቡና ስትቀዳ አየኋት። እናቴ ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ በአንድ ቀጭን መስመር፣ ስድስት ሲኒ ሳታቋርጥ የምትሞላ ሴት ነበረች፤ ረከቦቱ ላይ ጠብታ አይታይም። የዚያን ቀን የጀበናው አፍ ከሲኒው ጠርዝ ጋር ቀጭ ቀጭ እያለ ይጋጭ ጀመር። ግራ እጇን ደርባ ልታረጋጋው ብትሞክር እርሱም ተንቀጠቀጠ። ፊቷም ደርቋል፤ ቀልድ ሲነገር ዓይኗ ይሥቃል እንጂ ጉንጯ አይንቀሳቀስም። እርምጃዋም ጠቦ እግሯን ትጎትታለች። ሁላችንም «እርጅና ነው» አልን። እርጅና እኛ ዘንድ ሁሉን የሚያለብሱበት ጋቢ ነው።

የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ስንይዝ «የምትወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» ተባልን። ሐኪሙ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ያችን ፖስታ ከመካከል መዘዛት። ሲናሪዚን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ የማገድ ጠባይ አለው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለወራት ሲወስዱት ፓርኪንሰንን የሚመስል መንቀጥቀጥና መገተር ሊያመጣባቸው ይችላል። ለማይግሬን የሚሰጠው ፍሉናሪዚን የተባለው ዘመዱም እንዲሁ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቢያያት ኖሮ የፓርኪንሰን መድኃኒት ተጨምሮባት ፖስታዎቹ ሁለት ይሆኑ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቆማት። እጇ እስኪረጋ አምስት ወር ፈጀ፤ ለሁሉም ሰው ደግሞ እንዲህ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ማዞሩን ግን በዚያው ቀን፣ እዚያው አልጋ ላይ አየነው። ሐኪሙ እናቴን አስቀምጦ ራሷን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዞረና ራሷ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ዘቅዘቅ እስኪል በጀርባዋ አስተኛት። «እማማ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ» አላት። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልታየም። ከዚያ ሁለቱም ዓይኖቿ እንደሚሾር እንዝርት እየተጠማዘዙ ይርገበገቡ ጀመር፤ እርሷም «ያው መጣ!» ብላ እጄን ጨበጠች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተወ።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ፣ እንደ ቀለበት የጎበጡ ሦስት ቱቦዎች አሉ፤ ራሳችን ሲዞር ለአንጎል የሚያሳውቁት እነርሱ ናቸው። አጠገባቸው ባለ ከረጢት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ፤ የተሠሩትም የእንቁላል ቅርፊት ከተሠራበት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። በዕድሜ ወይም በራስ ላይ በደረሰ ምት እነዚህ ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ቱቦው ውስጥ ሲገቡ፣ በተገላበጥን ቁጥር ፈሳሹን እያናወጡ አንጎልን ይዋሹታል። ሐኪሞች ቨርቲጎ የሚሉት ይህ የመሽከርከር ስሜት ከሚመጣባቸው መንገዶች ሁሉ የተለመደው ይኸኛው ነው። እንግዲህ ቱቦ ውስጥ የገባን አሸዋ የትኛው ፍሬ ያወጣዋል?

የሚያወጣው አልጋውና የሐኪሙ እጅ ነው። ከነተኛችበት ራሷን 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዞረው፤ ቀጥሎ መላ ሰውነቷን በግራ ጎኗ አገላብጦ አፍንጫዋን ወደ ወለሉ አስመለከታት፤ በየደረጃው ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ እያቆየ በመጨረሻ አስቀመጣት። ይኸው ነው። ዘዴው ጆን ኤፕሊ በተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም ስም የሚጠራ ሲሆን በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። የሚዛን ነገር ጆሮ ውስጥ መሆኑን በማጥናት ኦስትሪያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮበርት ባራኒ የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ሳለ ነበር። መቶ ዓመት ያለፈው ዕውቀት ከፒያሳ መደርደሪያ ፊት ለፊት ሳይደርስ መቅረቱ ይገርመኛል። ለእናቴ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ተደግሞላት ማዞሩ ተዋት። ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሮናል፤ መንገዱን ግን አውቀነዋል። አንገቱን ወይም አከርካሪውን የሚያመው ሰው በስልክ ቪዲዮ እያየ ብቻውን እንዳይሞክረው አደራ።

መድኃኒቶቹን ጠላት ማድረግ አልፈልግም። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ለሚወርድ መንገደኛ ከጉዞው አስቀድሞ የምትወሰድ አንዲት ፍሬ ታላቅ ውለታ ናት፤ መሪ የያዘው ሾፌር እስካልዋጣት ድረስ። የሚዛን ነርቩ ተቆጥቶ ቀን ከሌሊት የሚሽከረከርበትና የሚያስመልሰው ሰውም የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት በመድኃኒት ቢታገዝ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን አንጎል የጎደለውን ሚዛን በራሱ መልመድ አለበት፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚያስተኛው ይህንኑ ተማሪ ነው። ሰውዬው በፍሬው ላይ በቆየ ቁጥር መዳኑ ይዘገያል። ለማዞርና ለማስመለስ የሚሰጡት ፕሮሜታዚንና ዘመዶቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አዛውንትን ያደናግራሉ፣ ፕሮስቴቱ ያበጠበትን ሰው ሽንት ሊያግዱ፣ አንዳንዱን የዓይን ግፊት ሊያብሱ ይችላሉ። ከጠላና ከቢራ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይገጥሙም። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ቤታሂስቲን የሚባለውን ሌላውን የማዞር መድኃኒትም ቢሆን አስም ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር መጀመር የለበትም።

ደግሞም የሚያዞር ሁሉ ቨርቲጎ አይደለም። አማርኛችን እዚህ ላይ ስስት ይዞት ለሁሉም አንድ ቃል ሰጥቷል። ቤቱ የሚሽከረከርበትም «አዞረኝ» ይላል፤ ከአልጋ ሲነሣ ዓይኑን የሚጋርደውም፣ ሲራመድ እንደ ሰከረ የሚወላገደውም። የስኳር መድኃኒት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው «ራሴን አዞረኝ» ሲል የወረደው ስኳሩ ሊሆን ይችላል። ስትሬፕቶማይሲን ወይም ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲወጋ የከረመ ሰው ሚዛኑ ከጠፋበት ደግሞ መርፌው የውስጥ ጆሮውን ጎድቶት ሊሆን ይችላልና ወዲያው ለሐኪሙ ይናገር። ጆሮ እየጮኸና መስማት እየደነዘዘ ለሰዓታት የሚያዞርም ሌላ በሽታ አለ። በድንገት አዙሮት ምላሱ የተሳሰረበት፣ አንዱ ነገር ሁለት የሚሆንበት፣ ፊቱ ወይም አንድ ጎኑ የዛለበት፣ ወይም ቆሞ መራመድ ያቃተው ሰው ግን መድኃኒት ቤት የሚወሰድ አይደለም። እርሱን የሚያስፈልገው ሆስፒታል ነው፣ ያውም አሁኑኑ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ከመደርደሪያው ኋላ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ፍሬውን ከማውረዳችሁ በፊት «ምንድን ነው የሚዞርብዎት? ለምን ያህል ጊዜ? ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁልን፤ ፖስታው ላይም «በቀን 3 ጊዜ» ከምትሉት ቀጥሎ «ለ3 ቀን» ብላችሁ ጻፉልን። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን ያን ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አንድ ጊዜ አስመጥቼ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። መንቀጥቀጡ ተጽፎበታል፤ በባዕድ ቋንቋ፣ በሥራ ዘመኔ ማንም ደፍሮ በማያስለቅመው ደቃቅ ፊደል።

ሁለተኛው ልመናዬ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው እትም ያችን ዓረፍተ ነገር አርሙልኝ፤ እርማቱንም እንደ ወትሮው ከመጨረሻው ገጽ ጥግ አትወሽቁት፣ ከራሱ ከጤና ዓምዱ ላይ አውጡት፤ ፊደሉም ጎላ ይበል። እናቴ ያለ መነጽር ነው የማነበው እያለች ትከራከራለች።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ አራሚ፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ