«ኦልድ ሬክተሪ» አሮጌ ቤተክርስቲያን አይደለም

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ስለ እንግሊዝ ገጠር ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ ፎቶውን ያወጣችሁለትን ቤት፣ «ዘ ኦልድ ሬክተሪ»ን፣ በርዕሱ ላይ «አሮጌው ቤተክርስቲያን» ብላችሁታል። ኧረ በፍጹም! ሬክተሪ የደብሩ ቄስ መኖሪያ ነው፣ ማንም አይቀድስበትም። ኦልድ የተባለውም ስላረጀ ሳይሆን «የቀድሞ» ለማለት ነው፣ ቤተክርስቲያኒቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የትልልቆቹ ቤቶች ጥገናና ማሞቂያ ሲከብዳት እየሸጠች ለቄሱ አነስ ያለ አዲስ ቤት ሰጠችው፣ የተሸጠው ስሙን ይዞ ቀረ።

እኔ ኦክስፎርድሺር ውስጥ አዛውንት እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው፣ ሁለት ዓመት የተመላለስኩበት ቤት ድሮ ሬክተሪ ነበር፣ ደረጃውን በጉልበቴ አውቀዋለሁ። ቀይ ሸክላ ነው፣ በሩ ልክ መሃል ላይ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት መስኮት፣ ፎቁ ላይ አምስት፣ ሁሉም ሳሽ የሚሉት ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈተው ዓይነት። አንዱ ግን በሸክላ የተደፈነ ነው። ሰው ሁሉ «ግብር ሽሽት ነው» ይላል፣ እውነትም ከ1696 እስከ 1851 (እ.ኤ.አ.) በመስኮት ብዛት ግብር ይከፈል ነበር፣ ግን እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም የቤቱ ፊት እኩል እንዲመስል ተብለው ድፍን ሆነው የተሠሩ ናቸው።

እኔን የገረመኝ የጎን በሩ ነው። ከሱ ገባ ሲሉ የቄሱ ማንበቢያ ክፍል አለ፣ ጉዳይ ያለው ገበሬ በጭቃ ጫማው ሳሎን ሳይረግጥ ገብቶ ይወጣ ነበር። ቄሱ እኮ ሰባኪ ብቻ አልነበረም፣ ሬክተር ከሆነ የእህሉን ትልቁን አሥራት ሳይቀር ይቀበል ነበር (ቪካር የሚባለው ሌላው ዓይነት የደብር ቄስ ትንሹን ብቻ ነበር የሚያገኘው)፣ እንደኛ የሰሞን መሬት ዓይነት መሬትም ነበረው። አሥራቱ ወደ ገንዘብ ክፍያ እንዲለወጥ የተደነገገው በ1836 ነው። ከዚያ በፊት በ1776 ደግሞ ቄሶች የደብሩን ገቢ አስይዘው ተበድረው ቤት እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር፣ የቄስ ቤት እንዲህ የባላባት ቤት የመሰለው ያለምክንያት አይደለም።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሊንከንሺር ያለውን የኤፕዎርዝን ሬክተሪ ጻፉልን፣ የእንጨትና የሳር ክዳን ቤት ነበር፣ በ1709 ሲቃጠል የአምስት ዓመቱ ጆን ዌስሊ (በኋላ የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የመሠረተው) በመስኮት ወጥቶ ተረፈ፣ ከዚያ ነው በሸክላ የተሠራው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ለማንኛውም ርዕሱን አስተካክሉት። ቤተክርስቲያኑማ እዛው ፎቶአችሁ ላይ አለ፣ ከጣሪያው ጀርባ ብቅ ያለው ማማ ነው።