የባቡር ክበብ፦ ናፍጣ ሲከፈት ኤሌክትሪክ

የዘንድሮው የባቡር ክበብ ሥራውን የጀመረው በክርክር ነው። ትምህርት ቤታችን ከለገሀር ብዙም አይርቅም። ቀላል ባቡሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከፉሪ-ለቡ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም እንደዚያው። «ታዲያ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ ተማሪዎቹ። ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ራስ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር በእንፋሎት ጀምሮ ኋላ ወደ ናፍጣ ዞሯል። ደግሞም አብዛኛው ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሆዱ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ግን ራሳቸው እንዲደርሱበት ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የሎኮሞቲቮችን ሥዕሎች በመጠን ለይተው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ትልቁ ረጅም መንገድ የሚጎትት፣ ትንሹ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚገፋ። ክፋት የለውም። ዋናው ጥያቄ ግን የሞተሩ ጉልበት ጎማው ዘንድ በምን ይደርሳል የሚለው ነው። አንዱ ተማሪ በሚኒባስ አስረዳን። ሹፌሩ ከለገሀር ወደ ፒያሳ ዳገቱን ሲወጣ በፍሪሲዮንና በአንደኛ ማርሽ ይነሳል። የናፍጣ ሞተር ከቆመበት ተነስቶ ሸክም መጎተት አይችልማ። በማርሽ የሚሠራው ሜካኒካል ሎኮሞቲቭም ይኸው ነው፤ ለቀላል ሥራ ይበቃል። ጭነቱ በሺህ ቶን ሲቆጠር ግን ፍሪሲዮን አይችለውም። ስለዚህ በናፍጣ-ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጀነሬተር ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ አክስሎቹ (ጥንድ ጎማዎችን የሚያያይዙት ዘንጎች) ላይ ያሉትን ሞተሮች ይነዳል። ሃይድሮሊኩ ጉልበቱን በዘይት ያስተላልፋል። ጀርመኖች ወደውት ነበር፤ የ1953ቱ ቪ 200 የዚህ ወገን ነው።

ግድግዳውን ያተራመሰብን የእንግሊዙ ክላስ 08 ነው። 350 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት፣ ጣቢያ ለጣቢያ የምትውል ትንሽዬ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሜካኒካል አሏት። ናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሆና ቁጭ! ወረቀቱ ሁሉ ተነቅሎ እንደገና ተለጠፈ።

ቀጥሎ አክስሎቹን የሚቆጥሩት ፊደላት መጡ፤ ቦ-ቦ (Bo-Bo)፣ ኮ-ኮ (Co-Co)። ቢ ሁለት አክስል፣ ሲ ሦስት ነው። ኦ ከተጨመረች እያንዳንዱ አክስል የራሱ ሞተር አለው። ኤ1ኤ ላይ የመሀሉ አክስል ክብደት ይሸከማል እንጂ አይነዳም። አሜሪካኖቹ ደግሞ መንጃ ክፍል ያለውን ሎኮሞቲቭ ኤ፣ የሌለውን ቢ ይሉታል። የ1939ኙ ኤፍቲ በአራት ክፍል ተቀጣጥሎ 5400 የፈረስ ጉልበት ለአንድ ነጂ ይታዘዝ ነበር። «ፊደል አለቀባቸው እንዴ?» አለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። እውነቷን ነው።

ለወላጆች ቀን ከካርቶን ሎኮሞቲቭ ተሠራ። ውስጡ በእጅ የሚዞር የብስክሌት ዲናሞ፣ ከሥሩ የመጫወቻ መኪና ሞተር። መጀመሪያ እዝዝ ከማለት በቀር ንቅንቅ አላለም። ዲናሞው የሚያመነጨው ተለዋዋጭ፣ ሞተሩ የሚፈልገው ቀጥተኛ ኃይል ነበራ! ከተበላሸ ቻርጀር አራት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ተፈትቶ መሀል ሲገባ ተነሳ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሎኮሞቲቮች የያዙት ዘዴ ይኸው ነው። አንድ አባት ለልጃቸው እንኳ ሳያስነኩ ሲያዞሩት ቆዩ።

የሃይድሮሊኩ ሞዴል ዘይት እያፈሰሰ የላቦራቶሪውን ጠረጴዛ ስላጨማለቀው ለከርሞ ተላልፏል። ቤቱ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፓምፕ ያለው ተማሪ፣ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ለፊዚክስ ክፍል ያሳየን።