ከ«አንቱ» እስከ «አንተ»፦ የፊልም ክበባችን ዓመት

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ፊልም አላየም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ አርብ እየተሰበሰብን አጫጭር ፊልሞች ስናይ ቆየን። ካሜራ የት እንደሚቆም፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ አንድ ትዕይንት የት ላይ እንደሚቆረጥ ተማርን። ልጆቹ ወደውት ነበር። ከየካቲት እስከ ሰኔ ግን አንድ ፊልም ያዘንና አለቅ አለ። ይህ ዘገባ ስለዚያ ፊልም ነው።

ፊልሙ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው «ድመት በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ» ነው። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ብሩክስ ነው። ኤልዛቤት ቴይለር፣ ፖል ኒውማንና በርል አይቭስ ይተውኑበታል። መነሻው የቴነሲ ዊልያምስ ቲያትር ሲሆን፣ ቲያትሩ በ1955 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ደግሞ ለ6 ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። እኔም እንደነሱ ነው የሚሰማኝ።

ርዕሱን ማስረዳት አላስፈለገኝም። በመጋቢት ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ክበባችን ውስጥ የለም። ድመቷ መቆም አትችልም፣ መዝለልም ትፈራለች። ድመቷ ማጊ ናት። ባሏ ብሪክ ፊቱን አዙሮባታል፤ እሷ ግን ከዚያ ቤት አልወጣም ብላለች።

ቤቱ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ የሚገኝ የጥጥ እርሻ ነው። ባለቤቱን ሁሉም «ቢግ ዳዲ» ይላቸዋል። እኛ «አባባ» አልናቸው። መሬታቸው 28,000 ኤከር ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው ወረቀት አውጥቶ አሰላው፤ ከ11,000 ሄክታር በላይ፣ በጋሻ ደግሞ 280 ጋሻ ገደማ። አባባ ይህን መሬት ሲያወድሱ ከናይል ሸለቆ ወዲህ እንዲህ ያለ ለም መሬት የለም ይላሉ። የዓባይ ስም ከሚሲሲፒ ሰው አፍ ሲወጣ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ያን ጊዜ ነው ፊልሙ የኛ የሆነው።

ቀኑ የአባባ 65ኛ ዓመት ልደት ነው። ከክሊኒክ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። «የአንጀት ችግር ብቻ ነው፣ ደህና ነዎት» ተብለዋል። እውነቱ ግን ካንሰር ነው፤ የሚድን አይደለም። ሐኪሙ ያውቃል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። የማያውቁት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ታላቁ ልጅ ጉፐር ጠበቃ ነው፤ የውርስ ወረቀት ይዞ፣ አምስት ልጆቹን አሰልፎ መጥቷል። ሚስቱ ሜይ ስድስተኛውን አርግዛለች። ታናሹ ብሪክ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሮ፣ ክራንች ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። አንድ የቅርብ ጓደኛው ሞቶበታል፤ ስለ እሱ ማውራት አይፈልግም። ቲያትሩ ስለዚያ ወዳጅነት የሚለውን ፊልሙ በዘመኑ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ምክንያት ሸፋፍኖት አልፏል። ስለ ተደበቀ ነገር የሚያወራው ፊልም ራሱ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ማወቅ አለባቸው ብዬ ስለማምን።

ስለ ኤልዛቤት ቴይለርም አንድ ነገር ነገርኳቸው። ቀረጻው ገና እንደተጀመረ ባሏ ማይክ ቶድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከዚያ ሐዘን ተመልሳ ነው ሥራዋን የጨረሰችው። ከዚህ በኋላ ሴቶቹ ልጆች ፊቷን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ። «ይሄኛው ትዕይንት ከሐዘኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያሉ በየመሀሉ ያስቆሙኝ ነበር።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ። ፊልሙን በአዳራሽ ያሳየን ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ ነበር። ብሪክ ቤቱን ጥሎ ሊሄድ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ይወርዳል። ልክ በዚያው ሰዓት የኛም ዝናብ ጀመረ። የአዳራሻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከበረዶ ጋር ሲወርድበት ጎንህ ያለው ሰው ጮሆ ቢያወራም አይሰማም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትነው፤ ምንም። ልጆቹ ግን «አታቁሙት!» ብለው በእጃቸው አሳዩን። ስለዚህ ዝም ብለን አየን። መኪናው ጭቃ ይዞታል። ጎማው ይሽከረከራል። ሽማግሌው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። ብሪክ አንድ ነገር ይናገራል። ከዚያ የአባትየው ፊት ይለወጣል። አንድም ቃል ሳንሰማ፣ ያንን ፊት አይተን፣ ነገሩ እንደተነገራቸው ሁላችንም አወቅን።

በሚቀጥለው አርብ ትዕይንቱን ከነድምፁ ደገምነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ያለ ድምፅ ይሻል ነበር» አለች። ብዙዎቹ ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ውይይት መቼም አልረሳውም። የጠየቅኩት «ለአባባ ለምን አልነገሯቸውም?» ብዬ ነበር። የፊልም መልስ ነበር የጠበቅኩት፤ የመጣው ግን የየቤታቸው ነው። መርዶ ሊነገር ሲል ዘመድ ሁሉ በሌሊት ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳበት አለ። ውጭ አገር ያለች እህቱ እስክትመጣ የእናቱ ሕመም የተደበቀበት አለ። ማን ምን እንዳለ እዚህ አልጽፍም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዲቀር ቃል ተግባብተናል። የራሴን ግን መናገር እችላለሁ። አጎቴ ሲታመም «ጨጓራ ነው» አልነው። ስምንት ወር ሙሉ ጨጓራ ነው አልነው። ተልባና አጥሚት እየጠጣ፣ በርበሬ ትቶ፣ «ይሄ ጨጓራ አለቅ አለኝ እኮ» ይለን ነበር። እኛም «ይለቅሃል» እንለው ነበር። ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለወደድነው ነው ያልነገርነው። አባባ «አንጀት ነው» ሲባሉ ያየሁት ያን ነው።

እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። የምድር ቤቱን ትዕይንት ወደ አማርኛ መልሰን በወላጆች ቀን እንሥራው አሉ።

ይህ ትዕይንት ቲያትሩ ውስጥ የለም። ቲያትሩ ከአንድ መኝታ ክፍል አይወጣም። ፊልሙ ግን አባትና ልጅን ወደ ምድር ቤት ያወርዳቸዋል። እዚያ እናትየው ከአውሮፓ የገዟቸው ውድ ዕቃዎች አቧራ ለብሰው ተቆልለዋል። አባትየው የሰው ፍቅር በገንዘብ እንደማይገዛ የሚሰሙት በገንዘባቸው የተገዛ ዕቃ መሀል ቁጭ ብለው ነው። ሕመሙ ሲነሳባቸው ማስታገሻውን እንቢ ይላሉ፤ ሕመም ያለበት ሰው ቢያንስ በሕይወት እንዳለ ያውቃል ይላሉ። ከዚያ ስለ ገዛ አባታቸው ያወራሉ። ቤት የሌለው ድሃ ተንከራታች ነበር። የተወላቸው አንድ አሮጌ ሻንጣ ብቻ ነው።

ትርጉሙ ሁለት ወር ወሰደ። መጀመሪያ ያቆመን አንድ ቃል ነው። ብሪክ ምን እንዳስጠላው ሲጠየቅ «ሜንዳሲቲ» ይላል። ከባድ፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። ውሸት እንበለው? ቅጥፈት? ሽንገላ? ቦርዱ ሞላ። ሽንገላ ለጉፐርና ለሜይ ልክ ነው፤ የልደት ዘፈኑን፣ የሕፃናቱን ሰልፍ፣ ሁሉንም ይይዛል። ግን ሐኪሙን አይይዝም። አንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነስታ «ውሸት ሰው የሚናገረው ነው። ይሄ ግን የሚኖሩበት ነው፤ ማስመሰል ነው» አለች። ተቀበልናት። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ያማረ ነው። ብሪክ «ማስመሰል» ሲል አባባ «ውሸት በለው» ብለው እንዲመልሱለት አደረግን። የተማረው ልጅ የተማረ ቃል ያመጣል፤ ከድህነት የተነሳው አባት በአጭሩ ይለዋል። እንግሊዝኛውም ውስጥ ይኸው ልዩነት አለ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ለአባትም ለውሻም አንድ ቃል ነው፤ «ዩ»። በአማርኛ ብሪክ አባቱን ምን ይበላቸው? ግማሾቹ «አንተ» አሉ፤ «እኛ ቤት አባዬን አንተ ነው የምንለው» ብለው። ግማሾቹ ደነገጡ። በመጨረሻ «አንቱ» ይሻላል ተባለ። አባባ የመሬት ሰው ናቸው፣ ቤቱም የሚፈራ ቤት ነው። «እርስዎ» ደግሞ የቢሮ ሆነብን።

በአንቱ ልምምድ ጀመርን። ሁሉም ሄደ፣ አንድ ቦታ ሲቀር። ብሪክ አለቃ ሳይሆን አባት ነበር የፈለግኩት የሚልበት ቦታ ነው። «እንዲወዱኝ ነበር የፈለግኩት» ብለን ተርጉመነዋል። ብሪክን የሚሠራው የ12ኛ ክፍል ተማሪ እዚያ በደረሰ ቁጥር ይቆማል። አምስተኛው ቀን ላይ «ቲቸር፣ እንዲወዱኝ ስል ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ሁሉ እንዲወደኝ የፈለግኩ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው። አክብሮቱ አባትየውን ከሰው መሀል ደብቋቸዋል። ከዚያ ክራንቹን መሬት አስቀመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እንድትወደኝ ነበር የፈለግኩት» አለ።

እኔ መጀመሪያ አልፈቀድኩም። ወላጅ ፊት አባትን አንተ ማለት ብልግና ይመስላል ብዬ ፈራሁ። ልጁ ግን አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ሕፃን እያለ ይለው ወደነበረው «አንተ» ነው የተመለሰው። ሦስት ጊዜ ሰማሁትና እጄን ሰጠሁ።

አባባን የሠራው ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ሽማግሌ መሆን አልችልም ብሎ ተጨንቆ ነበር። በርል አይቭስ በቀረጻው ጊዜ ገና 48 ዓመቱ እንደነበር፣ ታላቁን ልጅ ጉፐርን የሠራው ጃክ ካርሰን ደግሞ ከሱ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። በጣም አበረታው። አያቱ ጋ ሄዶ ሰው ከወንበር ሲነሳ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ሲያይ ከረመ። ብሪክ በትዕይንቱ ውስጥ ተናዶ ለሚሰብረው ዕቃ ልጆቹ ከየቤታቸው የተሰነጠቀ ጀበናና ገንቦ ሰብስበው አመጡ። ለልምምድ አንድ በአንድ ነበር የምንሰብረው፤ ለወላጆች ቀን ሦስት ጀበና ቀርቶን ነበር።

በቀኑ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ አየ። የመጀመሪያው ጀበና ሲሰበር ሕፃናት ሳቁ። ሁለተኛው ላይ አልሳቁም። «እንድትወደኝ» ሲል ከፊት ካሉት እናቶች አንዷ «እህ» አሉ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ልጁ በጭንቀት ሦስተኛውን ጀበና መስበር ረሳ። ጀበናው አሁን ቢሮዬ መስኮት ላይ ነው። ሲያልቅ ከፊት ወንበር የነበሩ አንድ አዛውንት ወደ መድረኩ መጡ። ፀጉሩ በዱቄት የነጣውን የ17 ዓመት ልጅ ሁለት እጁን ይዘው ለብዙ ጊዜ ቆሙ። የተባባሉትን አልሰማሁም። ልጁንም አልጠየቅኩትም።

አዳራሹን ላጸዱ፣ ጀበና ለላኩ ወላጆች፣ ፕሮጀክተሩን ላዋሰን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ከልብ አመሰግናለሁ። የተተረጎመው ትዕይንት በ12 ገጽ ተጽፎ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ያልጨረስነው የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ማጊ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት አርግዣለሁ ትላለች። አላረገዘችም። ውሸትን ሲጠላ የዋለው ብሪክ ይህችን ውሸት ይደግፍላታል። ይሄ ማስመሰል ነው ወይስ ሌላ ስም አለው? ቦርዱ ላይ አራት ቃላት ተጽፈው ቀርተዋል፤ ክፍሉን የምታጸዳውን እህታችንን እንዳታጠፋቸው ለምነናታል። በመስከረም ከዚያ እንቀጥላለን። አርብ ከቀኑ 9፡30፣ ከቤተ ሙከራው ጎን ባለው ክፍል። ከ9ኛ ክፍል የምትመጡም ግቡ።