የወይራሽን ቅጠል በጥጥ ጥረጊው

አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ
ነሐሴ 8 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ በእግር የሚያልቅ መንገድ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ በምንም አይመካኝም፤ ይቅር በይኝ። የላክሽልኝን፣ በሳህን ያሳደግሽውን የቦንሳይ ወይራሽን የጠቆረ ቅጠል ፎቶ ካየሁ በኋላ ግን «አይዞሽ» ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ። ከዛፉ አጠገብ አስቀምጪው።

አደራሽን፣ ነገሩ እስኪጣራ ምንም አትርጪ። ቅጠል ሲታመም የሚያሳየው ምልክት ጥቂት ነው፤ ይጠቁራል፣ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ነፍሳትን አይገድልም፤ የነፍሳቱም ፈንገስን አይነካም፤ በውሃ ብዛት የታፈነን ሥር ደግሞ ሁለቱም አያድኑትም።

ፎቶው ላይ ጥቁሩ ይታያል፤ ይለቅ አይለቅ ግን በፎቶ አይታወቅም። ስለዚህ ጥጥ በውሃ አርጥቢና አንዱን ቅጠል ቀስ ብለሽ ጥረጊው።

ጥጡ ጠቁሮ ቅጠሉ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ፣ ያ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ቅጠሉን አይበላም፤ የሚያድገው ነፍሳት በጣሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከጠቆረው ቅጠል በላይ ያለውን ቅርንጫፍ መርምሪ። ጉንዳን ከተመላለሰበት እሱን ተከተዪው፤ ወደ ፈሳሹ ምንጭ ይመራሻል። ክሽክሽ የሚባሉትን ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ለጋው ጫፍ ላይ ታገኚያለሽ። ይህን ፈሳሽ የሚጥሉ ሌሎች ነፍሳት ደግሞ ቡናማ ቅርፊት መስለው ግንድና የቅጠል አከርካሪ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ በጥፍርሽ ስትፍቂያቸው እርጥበት ከወጣቸው በሕይወት አሉ። 70 በመቶ አልኮል በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ እየነከርሽ አንድ በአንድ ጥረጊያቸው። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ እርጪ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቢው። በየሰባት ቀኑ አንዴ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ አድርጊው፤ ሳሙና እንቁላሉን ስለማይገድል የሚፈለፈሉትን እየጠበቁ መያዝ ነው ዘዴው።

ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ጥቁሩ ባለበት ከቀረ ግን ሌላ ነው፤ እኔም የምጠረጥረው ይህን ነው። ክብ ሆኖ በላይኛው የቅጠል ገጽ ላይ ከተቀመጠ፣ ዙሪያውም ቢጫ ቀለበት ካለው፣ ፈረንጆች የጣዎስ ዓይን የሚሉት የወይራ ወገን የታወቀ የፈንገስ በሽታ ነው። ዘሩ የሚበቅለው ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲቆይ ነው፤ የሚስማማውም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ይህ ማለት የሐምሌና የነሐሴ አዲስ አበባ ማለት ነው። ምልክቱ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ የምታዪው ነጠብጣብ ቀድሞ የዘነበው ዝናብ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መድኃኒት ከረጨ በኋላ ነጠብጣቡ ባለመጥፋቱ «አልሠራም» ይልና መጠኑን ይጨምራል። የታመመው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም። መዳብ ያለው መድኃኒት ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የገባውን በሽታ አያወጣም። ስለዚህ የምትፈርጂው በአሮጌው ቅጠል ሳይሆን ከእንግዲህ በሚወጣው ነው።

መጀመሪያ የባሰባቸውን ቅጠሎች በመቀስ ቁረጪ፤ ግን ከጠቅላላው ቅጠል ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ አትንኪ፤ ትንሽ ዛፍ ያለ ቅጠል ስንቁ ቶሎ ያልቃል። ሳህኑ ላይ የረገፈውን ሁሉ ልቀሚ፤ ዘሩ የሚከርመው በታመመ ቅጠል ላይ ነው። ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው፤ በፌስታል ቋጥረሽ ጣይው። መቀሱን ሌላ ዛፍ ከመንካትሽ በፊት በአልኮል ጥረጊው።

ቀጥሎ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ የሚባለው መዳብ ያለው መድኃኒት። 50 በመቶ መዳብ የያዘው ዱቄት ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል፤ መለያው ሌላ ካለ መለያውን ተከተዪ። መለያ በሌለው ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን አትግዢ። በማንኪያ አትስፈሪ፤ ወርቅ ቤት የሚመዝኑበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይሻላል። የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ደረቅ ባለ ማለዳ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ እርጪ፤ ዝናቡ ሳይደርስ ይደርቃል። ቀኑ ጭጋጋም ከሆነ ተዪው፤ መዳብ ሳይደርቅ ሲቆይ ለጋ ቅጠል ያቃጥላል። ከመርጨትሽ በፊት ሳህኑን በፌስታል ሸፍኚ፤ መዳብ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያን የምትወጂውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበትም ይገድለዋል። ጓንትና ማስክ አድርጊ። በረንዳሽ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከታች ያለችው ጎረቤትሽ ልብስ ወይም በርበሬ አስጥታ እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዴ ድገሚ። ለከርሞ ግን ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ።

አሁን ወደ ሳህኑ። ቦንሳይ በጃፓንኛ በሳህን የተተከለ ማለት ነው፤ ግማሹ የቅጠል ችግር ከዚያ ሳህን ይነሣል። ውሃ ከፈሰሰ በኋላ በግርጌው ተይዞ የሚቀር እርጥብ ንብርብር አለ፤ ቁመቱን የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት እንጂ የዕቃው ጥልቀት አይደለም። ይህ ንብርብር 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ20 ሴንቲ ሜትር ማሰሮ ውስጥ ምንም አይደለም፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውስጥ ግን ከግማሽ በላዩን ይይዛል። ሥሩ እዚያ ውስጥ አየር ያጣል፤ ቅጠሉም ይቢጫል። ዝናብ ሲያቆም ሳህኑን በአንድ ጎን እንጨት አስደግፈሽ አዘንብይው፤ ቆመ ያልሽው ውሃ በታችኛው ጥግ ሲንጠባጠብ ታያለሽ። ያልተቀባ የእንጨት ስንጥር አፈሩ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆይተሽ አውጪ፤ ጠቁሮ እርጥብ ከወጣ ውሃ አትጨምሪ። አፈሩ ራሱ የደቀቀ ከሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሁለት እጅ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) በአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀይሪው። ሬድ አሹን እጠቢው፤ ዱቄቱ ከቀረ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሥሩ ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ ግን መስከረምን አትጠብቂ፤ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ቆርጠሽ ዛሬውኑ አዛውሪው።

ዛፉን ከሰማይ በታች ከምትተዪው ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ ዘርጊለት፤ ጎኑ ክፍት ይሁን፤ ነፋስ ይግባ። ሌሊቱን ቅጠሉ ደርቆ ካደረ ከመድኃኒቱ ይልቅ እሱ ያድነዋል ብዬ አምናለሁ። ማዳበሪያ ደግሞ እስኪያገግም የለም፤ የታመመ ሥር ጨው አይችልም።

ስለ ሌሎቹ ዛፎችሽም ባጭሩ። የፊከሱ አሮጌ ቅጠሎች እኩል ከቢጩ ዝናቡ ናይትሮጅኑን አጥቦታል፤ አዲሶቹ ቢጫ ሆነው በቅጠሉ ላይ ያሉት መስመሮች ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ ግን ብረት አልደረሳቸውም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ጥፋቱ ካልሲየም የበዛበት የጠንካራ ውሃ ነው፤ የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ። ጥዱን አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ ሥሩ ከሞተ በኋላም ሳምንታት አረንጓዴ ይቆያል። ቀጋው ኅዳር ላይ ዱቄት የተነፋበት ከመሰለ፣ ያ ሻጋታ ከወይራው በተቃራኒ እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይበቃዋል። ወተት አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በፀሐይ፣ በየሳምንቱ። ቤኪንግ ሶዳ የሚሉሽ አሉ፤ ሶዲየሙ በትንሽ ሳህን ይጠራቀማልና እኔ አልመክርሽም።

ቅጠሉን በጥጥ ከጠረግሽ በኋላ የአንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባ በቀን ብርሃን አንሺና ላኪልኝ፤ የስንጥሩንም ውጤት ንገሪኝ። ሳህን መቀየር ካስፈለገ ቅዳሜ ጠዋት የተነፋ ሬድ አሽ ይዤ እመጣለሁ።

ወዳጅሽ